ስለ መኪና መብራትና ስለ ሌላ ሰው ዓይን

ሰው ሳያውቅ ስላጠፋው ጥፋት ይጠየቃልን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የምፈልገው ከዚህ ጥቂት ፈንጠር ያለውን ነው። ጥፋቱ ለአጥፊው ጥቅም መስሎ የሚታይ፣ ጉዳቱን የሚያውቀው ሌላው ሰው ብቻ የሆነ፣ ያም ሌላው ሰው ለመናገር ጊዜ የማያገኝ እንደ ሆነ፣ አጥፊው «አላወቅሁም» ብሎ ነፃ ሊወጣ ይችላልን? ነገሩ ሲሰሙት ረቂቅ ይመስላል። እኔን ያስተማሩኝ ግን አንዲት አሮጌ መኪና፣ አንድ ካቻቪቴና አንድ የጎረቤት ግድግዳ ናቸው።

የምኖረው በጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ በላይ፣ የእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከሚጀምርበት አቀበት ላይ ነው። ሰፈራችን ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት እንጂ ሜዳ የሚባል ነገር አያውቅም። መኪናዬ ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። አንድ ቀን ወደ ማታ ከሱሉልታ ሁለት ኩንታል ድንች ከኋላ ጭኜ በጎጃም መንገድ ስመለስ፣ ከፊት ለፊቴ የሚመጡ ሾፌሮች አንዱ ከሌላው ተከታትለው ረጅም መብራታቸውን ብልጭ እያደረጉ አለፉኝ። እኔ እንደ ሕጉ አጭር መብራት አብርቼ ነበርና «ምን ሆነዋል እነዚህ ሰዎች?» ብዬ ተናደድሁ። ሦስተኛው እንዲሁ ሲያደርግብኝ እኔም ረጅሙን ለቀቅሁበት። ዓይኑን ጨፍኖ እንዳለፈ አልጠራጠርም፤ ያን ጊዜም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን ጠባብ መንገድ ይዤ ሽቅብ ስወጣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር። የመንደሩ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ ሆኖአል። ከላይ ወደ ታች ነጠላ የለበሰ ሰው ሲመጣ አየሁ። ነጠላው ከመንገዱ ወደ ዳር ሲል አየሁና «መንገድ ለቀቁልኝ» ብዬ በልቤ አመስግኜ አለፍሁ።

በማግሥቱ ባለቤቴ «እማማ ትናንት ከለቅሶ ቤት ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ» ብላ ነገረችኝ። እማማ የምንላቸው ከእኛ በላይ በሦስተኛው በር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እንዴት እንደ ወደቁ ስጠይቃት «አንድ መኪና መብራቱን ዓይናቸው ላይ ተክሎባቸው እግራቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቶባቸው ነው አሉ፤ የማን መኪና እንደ ሆነ ግን አላዩም» አለችኝ። የማን መኪና እንደ ሆነ እኔ ዐወቅሁ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው ጥፋቱን ባወቀ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራውን ሥራ ልንገርህ፤ ምክንያት ይሰበስባል። እኔም ሰበሰብሁ። የዓመቱን ምርመራ አልፌ ቦሎዬ በመስታወቱ ላይ ተለጥፎአል፤ ስለዚህ በሕግ በኩል ንጹሕ ነኝ አልሁ። ነገሩን ያጫወትሁት አንድ ወዳጄ ደግሞ «ጥፋተኛው ቦዩን ሳይከድን የተወው ነው፤ መብራት ያጠፋውም ነው» አለኝ። ያለው ሐሰት አይደለም። ቦዩ ተከድኖ ቢሆን ኖሮ፣ ኤሌክትሪኩም በርቶ ቢሆን ኖሮ፣ እማማ ባልወደቁ ነበር። ነገር ግን ቦዩም ጨለማውም ለሁሉ መንገደኛ የነበሩ ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ በጨለማው ላይ መታወርን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው በአንድ ጥፋት ቢካፈል ድርሻው እንደ እንጀራ እየተቆረሰ አያንስም፤ ለእያንዳንዱ ሙሉው ሊደርሰው ይችላል።

ከሁሉ የከበደኝ «አላወቅሁም» የሚለው ቃል ነበር፤ ምክንያቱም እውነት ይመስላል። ከመሪው ኋላ ለተቀመጠ ሰው ከፍ ብሎ የተተከለ መብራት መልካም መብራት ነው። መንገዱን ሩቅ ድረስ ያሳየዋል፤ የዛፉን ቅጠልና የሰሌዳውን ጽሑፍ ያበራለታል። እንግዲህ ጥፋቱ ለባለቤቱ ዋጋ ይከፍለዋል ማለት ነው። ዋጋ የሚከፍል ጥፋት ደግሞ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ጥፋት መስሎ አይታይም። ሕመሙ ያለው በሌላው ሰው ዓይን ውስጥ ነው፤ ያም ሰው በሰከንድ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ቆሞ «ወንድሜ፣ መብራትህ ከፍ ብሎአል» ሊልህ አይችልም። ያለው ቋንቋ አንድ ብቻ ነው፤ መብራቱን ብልጭ ማድረግ። ያንን ቋንቋ በዚያች ማታ ሦስት ሰዎች ተናግረውኝ ነበር። ስለዚህ «አላወቅሁም» ማለት አልችልም፤ ተነግሮኝ ስድብ አድርጌ ቈጠርሁት።

መብራቱን ለማረም ወሰንሁ። ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻል ነበር፤ ግን ሥራው በቤት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ነገሩን በስውር ለመጨረስ ስለ ፈለግሁ፣ በደጄ ልሠራው አሰብሁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ከግድግዳው ፊት ዐሥር ሜትር ወጥ የሆነ መሬት፣ ሜትርና ጠመኔ ነው። ከግቢዬ ውስጥ ዐሥር ሜትር አይገኝም። ከበሬ ወጥቼ መንገዱን ስመለከት የተለሰነና ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው፣ በፊቱም መሬቱ ጥቂት ለጥ የሚል አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁ፤ የእማማ የአጥር ግንብ ነበር።

ሁለት ቀን አመነታሁ። በሦስተኛው ቀን በራቸውን አንኳኳሁ። ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሮ በአንገታቸው ላይ በሻሽ ተንጠልጥሎ ወጡ። «እማማ፣ በግንብዎ ላይ በጠመኔ ምልክት ላድርግ? የመኪናዬን መብራት ላስተካክል ነው» አልኋቸው። «ግንቡ ምን ይሆናል ልጄ፤ አድርግ» አሉኝ። የነገርኋቸው ግማሹን ብቻ ነበር። ግማሽ እውነት ከሐሰት ይልቅ ለተናጋሪው ትመቻለች፤ ማንም ሊያስተባብላት አይችልምና።

ሥራውን እንዴት እንደ ሠራሁት በዝርዝር እጽፋለሁ፤ መኪና ያለው አንባቢ ቢኖር ይጠቅመዋል። በመጀመሪያ የጎማዎቹን ንፋስ አስተካከልሁ፤ አንዱ ጎማ ቢጎድል መኪናዋ ታዘነብላለች፣ መብራቱም አብሮ ያዘነብላል። የጫንሁትን ሁሉ አወረድሁ፤ ሰልባቲዮው ግማሽ ያህል ነዳጅ ነበረው። በሾፌሩ ወንበር ላይ እንደ እኔ የሚመዝን የወንድሜን ልጅ አስቀመጥሁ። መኪናዋን ከፊትም ከኋላም በእጄ ጫን ለቀቅ አደረግኋት፤ ሞላዎቹ በቦታቸው እንዲያርፉ ነው። ቀጥሎ መሬቱን መመርመር ነበረብኝ። መሬቱ ጥቂት ተዳፋት ቢሆንም እንኳ፣ ከኋላ ጎማ ጀምሮ እስከ ግድግዳው እግር ድረስ ያው አንድ ተዳፋት ከሆነ አይጎዳም፤ መካከል ላይ ከተሰበረ ግን ልኩ ሁሉ ይሳሳታል። ይህን ለማወቅ ከአንድ ግንበኛ ጎረቤት ውሃ ልክ ተዋስሁ፤ ግንበኞች መሠረት ሲጥሉ የሚጠቀሙበት፣ ውሃ የተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። ዓይኔ «ለጥ ያለ ነው» ብሎኝ የነበረው መሬት በመካከሉ ዐራት ጣት ያህል ሰርጎዶ ተገኘ። መኪናዋን አንድ ሜትር ወደ ጎን አዛውሬ እንደገና ለካሁ፤ እዚያ ወጥ ሆነ።

ከዚያም የመብራቱን እንብርት ቁመት ከመሬት ለካሁ፤ 65 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ቁመት በግንቡ ላይ በጠመኔ አሰመርሁ። አጭር መብራት ሲበራ በግድግዳ ላይ ከታች ብርሃን፣ ከላይ ጨለማ ሆኖ መካከላቸው ስለታም ድንበር ይታያል። እንደ እኔ ባለች ትንሽ መኪና ይህ ድንበር በዐሥር ሜትር ርቀት ላይ ከመብራቱ ቁመት ዐሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ከመቶ አንድ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መስመር በ55 ሴንቲ ሜትር ላይ አሰመርሁ። መሸት ሲል አበራሁ። የቀኙ መብራት ድንበር 60 ላይ ነበር። የግራው፣ ያውም ከፊት የሚመጣውን ሰው የሚያገኘው፣ 78 ላይ ወጥቶ ተሰቅሎአል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ብርሃኑ በዐሥር ሜትር ውስጥ 13 ሴንቲ ሜትር ሽቅብ ከወጣ፣ በኀምሳ ሜትር ውስጥ 65 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ በመብራቱ ቁመት ላይ ሲደመር 1 ሜትር ከ30 ሆነ። ይህ የትንሽ መኪና ሾፌር ዓይን ካለበት ከፍታ በላይ ነው። ሁለት ኩንታል ድንች ከኋላ ሲጫን ደግሞ የመኪናዋ አፍንጫ ይነሣል፤ ብርሃኑም ወገባቸው ጎበጥ ካለ ከአንዲት አሮጊት ዓይን ላይ ይደርሳል። ከመሪው በታች የመብራቱን ከፍታ እንደ ጭነቱ የምታወርድ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ባዶ ሲሆን ዜሮ ላይ ትቆማለች። መኪናዋን ከገዛሁ አምስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም ነበር።

ኮፈኑን ከፈትሁ። የግራው አምፑል ከጥቂት ወራት በፊት ተቃጥሎ በመንገድ ዳር ተለውጦልኝ ነበር፤ በመቀመጫው ላይ ጠምዘዝ ብሎ መቀመጡን አሁን አየሁ። እሱን አስቀድሜ በትክክል አስቀመጥሁት፤ አምፑሉ ከተጣመመ ብሎኑን ማዞር ከንቱ ድካም ነውና። ከዚያ የቀኙን መብራት በጨርቅ ሸፍኜ፣ ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ብሎን በካቻቪቴ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርሁ ግድግዳውን ተመለከትሁ። ድንበሩ ዝቅ፣ ዝቅ አለና 55 ላይ ደረሰ። ጨርቁ በመብራት ላይ ብዙ መቆየት የለበትም፤ የዛሬው መብራት ፊቱ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ይግላል።

ይህን ስሠራ እማማ በርጩማ አስወጥተው ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። «ለምን ይሆን ይህን ያህል ዝቅ የምታደርገው? አንተስ ያይልሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ካቻቪቴውን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። ዝም ብል ኖሮ ጉዳዩ ያልቅ ነበር፤ መብራቱ ተስተካክሎአል፤ ሁለተኛ ማንም አይወድቅም። ብዙ ሰው «ጥፋትን ማረም ከተቻለ መናገሩ ምን ይፈይዳል?» ይላል፤ እኔም እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን እኒህ ሴት የሰው መኪና አሳውሮአቸው በመውደቃቸው ላይ አንድ ሌላ ነገር ይዘው ነበር የቀሩት፤ ይኸውም «ዓይኔ ደክሞአል፤ ከእንግዲህ ማታ መውጣት አይገባኝም» የሚል ሐሳብ ነው። ይህን ለባለቤቴ ነግረዋት ነበር። እኔ ዝም ባልሁ ቁጥር እሳቸው የእኔን ጥፋት በራሳቸው እርጅና ላይ ይጽፉ ነበር። ይህ ደግሞ በካቻቪቴ አይስተካከልም።

«እማማ፣ የዚያን ማታው መኪና የእኔ ነው» አልኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም «አላየኸኝም?» አሉኝ። «ነጠላዎን አየሁ፤ መንገድ የለቀቁልኝ መስሎኝ ነው» አልሁ። «ለቅቄልህማ ነበር» አሉና እጃቸውን ተመለከቱ። የሐኪሙን ወጪ ልክፈል ብላቸው «እሱ አልፎአል፤ ይልቅ ሥራህን ጨርስ፤ እየመሸ ነው» ብለው እንቢ አሉኝ።

ሥራው ግን እንዳሰብሁት አላለቀም። ሁለቱን መብራቶች ካወረድሁ በኋላ ድንበሩን ደኅና አድርጌ ብመለከተው፣ መስመሩ በግራ በኩል ሽቅብ ይታጠፋል። የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ የአጭር መብራት ድንበር በሁለት በኩል እኩል እንዳይሆን ተደረገ፤ ከፊት ወደሚመጣው መኪና በኩል ዝቅ ይላል፤ እግረኛና ሰሌዳ እንዲታይ ወደ ራስ ዳር በኩል ከፍ ይላል። በቀኝ በሚነዱበት አገር ከፍታው ወደ ቀኝ ነው፤ እንደ ጃፓንና እንደ እንግሊዝ በግራ በሚነዱበት አገር ወደ ግራ ነው። አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረች። ስዊድን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1967 (እ.ኤ.አ.)፣ እንዲሁ ስታደርግ የመኪናዎቹ የፊት መብራቶች ጭምር መለወጥ ነበረባቸው። የእኔ መኪና ለጃፓን መንገድ ተሠርታ፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣች ናት። መሪዋን ያዛወሩት ሰዎች መብራቷን አልነኩትም። ስለዚህ መብራቷ እስከ ዛሬ በጃፓን ዳርቻ የሚሄድ እግረኛ እየፈለገ የጉለሌን መንገደኛ ዓይን ይወጋል።

ይህን ብሎን አያርመውም፤ መብራቱ ራሱ መለወጥ አለበት። እስከዚያው ድረስ፣ ከእንግሊዝ አገር መኪና ይዘው ወደ ፈረንሳይ የሚሻገሩ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ ያንን ሽቅብ የሚታጠፈውን ብርሃን የሚያወጣውን የመብራቱን ክፍል በግድግዳው እየተመራሁ በጥቁር ናስትሮ ሸፈንሁት። አስቀያሚ ነው። የሰፈሩ ልጆች «መኪናው መነጽር አደረገ» ብለው ይስቁብኛል።

አሁን ደግሞ አንድ ተቃውሞ ልመልስ። ወዳጄ «አንተ ብቻ ብታወርድ ምን ትጠቀማለህ? ሁሉም ከፍ አድርጎ ይነዳል፤ የምትታወረው አንተ ነህ» ይለኛል። እውነት አለው፤ ዋጋውን መካድ አይገባም። መብራቴ እንደ ልኩ ሲወርድ በሜዳ ላይ ድንበሩ መሬት የሚነካው ከ65 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላይም። ስለዚህ ቀድሞ እንደምነዳው ልነዳ አልችልም፤ ፍጥነቴን መቀነስ አለብኝ፤ ከሱሉልታ የምመጣበት ጊዜ ረዝሞአል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ስለ ምግባር በሚናገር መጽሐፉ፣ ሰው የሚሠራበት ደንብ ለሁሉ ሕግ እንዲሆን ሊመኝ ይችል እንደ ሆነ ራሱን እንዲጠይቅ ያስተምራል። ለዚህ ከመኪና መብራት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንዱ ብቻ መብራቱን ከፍ ቢያደርግ እሱ ያያል፤ ሁሉም ከፍ ቢያደርጉ ማንም አያይም። ከፍ ባለው መብራቱ የሚጠቀም ሰው የሚጠቀመው ሌሎቹ ዝቅ ስላደረጉለት ነው፤ የእነሱን ትሕትና ይበላል ማለት ነው። ደግሞም በክረምት ጉም ከእንጦጦ ሲወርድ፣ ከፍ ያለው ብርሃን ጉሙን መትቶ ወደ ገዛ ባለቤቱ ዓይን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ያው ሰው ማንም ሳይነግረው ዝቅ ያደርጋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማችን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች መብራታቸው እጅግ ነጭና ኀይለኛ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ለእሷ ያልተሠራ ነጭ አምፑል የሚከቱም አሉ። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር የልኩ ነገር ይብሳል። አባቴ በልጅነቴ ሌሊት ፋኖስ ይዤ ስቀድመው «ወደ እግር፣ ወደ እግር አድርገው» ይለኝ ነበር፤ ለእሱ ፋኖስን ወደ ሰው ፊት ማንሣት ነውር ነበር። የፋኖሱ ጉልበት ትንሽ ነበር፤ ነውሩ ግን ይታወቅ ነበር።

ናስትሮውን በለጠፍሁበት ማታ መኪናዋን ወደ ታች አውርጄ፣ በዚያው መንገድ ሽቅብ ነዳሁ። ከላይ እማማ የልጅ ልጃቸውን ተደግፈው ከቦዩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ «ልቁምልህና ልየው» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። መብራቱ የነጠላቸውን ጥለት አበራ፤ ፊታቸው በጨለማ ውስጥ ቀረ። ከአጠገባቸው ስደርስ መስኮቱን አውርጄ «እንዴት ነው እማማ?» አልኋቸው። «አሁን እግሬን አየዋለሁ» አሉኝ።

ጀሶው ከተፈታ ሁለት ወር አልፎታል። እጃቸው እንደ ቀድሞው እንጀራ ለመጋገር አልታዘዝ ብሎአል፤ የልጅ ልጃቸው ናት የምትጋግረው። በሰፈሩ ለቅሶ ሲኖር ግን እንደገና ማታ መውጣት ጀምረዋል። እኔ ለቀኝ መንገድ የተሠራውን መብራት ሶማሌ ተራ ሁለት ጊዜ ሄጄ ፈልጌ የግራውን ብቻ ስላገኘሁ፣ በቀኙ ላይ ናስትሮው እንዳለ ነው። የጠመኔው መስመር በግንባቸው ላይ አለ፤ በየወሩ መኪናዋን እዚያ አቁሜ አየዋለሁ። እማማ በቀን ሲያገኙኝ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ይመርቁኛል። ማታ በመንገዱ ላይ ስንገናኝ ግን፣ መብራቱ የእኔ መሆኑን እያወቁ፣ ቆም ይሉና ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው እስካልፍ ድረስ ይጠብቃሉ።